ከፏፏቴው በላይ ያለው ታፔላ

አሜሪካ፣ ኬንት በምትባል ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት ስኖር ከቤቴ መስኮት ከሚታዩት ተራሮች አንዱንም በእግሬ ረግጬ አላውቅም ነበር። የጭነት መኪና ነጂ ነኝ። ተራራ ለእኔ ማርሽ የሚቀነስበት ቦታ ነው። ኮምቦልቻ ያለው ታላቅ ወንድሜ በስልክ ስለዚህ አገር ሲጠይቀኝ የምነግረው ስለ መጋዘን፣ ስለ ዝናብና ስለ መንገድ መጨናነቅ ብቻ ነበር። አንድ ቀን፣ "ሌላ ነገር የላችሁም እንዴ?" አለኝ። አፈርኩ። ባለፈው ወር ከሁለት ጓደኞቼና ከልጄ ጋር የአንድ ቀን ጉዞ ስለሄድን፣ እሱና እንደ እሱ ይህን አገር የማያዩ ሰዎች እንዲያነቡት የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። እኔን የማያስከብረውንም አልተውኩም።

ዓርብ

ጉዞውን ያሰበችው ልጄ ሐናን ናት። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ትማራለች። እኔ በአማርኛ አናግራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ዓርብ ከሥራ ስገባ ስልኳን አውጥታ ሁለት ፏፏቴ አሳየችኝና ነገ እንሂድ አለችኝ። ለምን ጉዳይ እንደሆነ ጠየቅኋት። ለማየት ብቻ ነው አለች። እኔ ባደግኩበት አገር ሰው ዳገት የሚወጣው ለእንጨት፣ ለገበያ ወይም ለለቅሶ ነው። ለማየት ብቻ ዳገት መውጣት የጠገበ ሰው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሁንም ያንን እምነቴን አልለወጥኩም። ሆኖም አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላት ወዲህ አብረን አንድ ቦታ እንሂድ ብላ ጠይቃኝ ስለማታውቅ እሺ አልኳት።

ብቻዬን ከእሷ ጋር ቀኑን ሙሉ ምን እንደማወራ ስላልታየኝ ሁለት ጓደኞቼን ጠራሁ። አንዱ ሰይድ ነው። የአገሬ ልጅ ነው፣ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፣ እዚሁ አሜሪካ ሶዶ በሚባል የመጋዘን ሰፈር ፎርክሊፍት የሚባለውን ዕቃ ማንሻ ይነዳል። ዝምተኛ ነው። ሌላው ተስፋዬ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ከእኛ በብዙ ያንሳል፣ ታኮማ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ይሠራል። ጴንጤ ነው፤ ዝም ማለት አይችልም። ሦስታችን አንድ መጋዘን ውስጥ በአንድ ፈረቃ ስንሠራ ነው የተዋወቅነው። ተስፋዬን ኮል ሳደርግለት፣ "ሶ፣ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?" ብቻ ብሎ ዘጋ። ሰይድ ግን መንገዱ አስፋልት መሆኑን ጠየቀኝ። በመኪና ስለሚኬደው መንገድ መስሎኝ፣ አዎ አስፋልት ነው አልኩት።

ቅዳሜ

በዚህ አገር አቆጣጠር ሰባት ሰዓት፣ በእኛ አንድ ሰዓት ላይ እንድንነሳ ተቀጣጠርን። ሰይድ አሥር ደቂቃ ቀድሞ መጣ። ለጁምዓ የሚያደርገውን ጥቁር የቆዳ ጫማ ተጫምቷል። ተስፋዬ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ መጣና የጎረቤታችን በር ላይ ፓርክ አደረገ። አሥራ አምስት ደቂቃ ከሄድን በኋላ ጎረቤቴ ደውሎ መውጣት አልቻልኩም አለኝ። ተመልሰን መኪናውን አነሳን። ተስፋዬ በችኮላ መነጽሩን መኪናው ውስጥ ረሳው። ቀጠሮ የማያከብር ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ቀን ያበላሻል ብዬ ነገርኩት። "ልክ ነዎት ጋሽ ከማል" አለኝ። ሁልጊዜ ልክ ነዎት ይለኛል፤ ሁልጊዜም ይዘገያል።

የያዝነው መንገድ አሥራ ስምንት ቁጥር ይባላል። በግራና በቀኝ ጫካ ነው። በጭነት መኪና መቶ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ጫካ መሆኑን ያየሁት ግን ያን ቀን መሪውን ሐናን ስለያዘችው ነው። ለወንድሜ ይህን ልንገረው፤ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ባለው መንገድ ዳር ሰው እያንዳንዱን ዛፍ የማን እንደሆነ ያውቀዋል። እዚህ ማንም አያውቀውም፣ ማንም አይቆርጠውም።

መጀመሪያ የደረስንበት ስኖኳልሚ የሚባለው ፏፏቴ ነው። ውሃው ትልቅ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህ የበለጠ ልገልጸው አልችልም። ልጅ ሆኜ የመኪና ረዳት በነበርኩ ጊዜ ጢስ ዓባይን አንድ ጊዜ አይቻለሁ። እዚያ ለመድረስ ጭቃ ይረገጣል፣ ሰው ይከተላል፣ አስጎብኚ ልሁን የሚል ይጣላል። እዚህ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ መደገፊያ ብረት፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ከላይ ደግሞ ሆቴል አለ። ሰው ደረቅ ጫማ ይዞ መጥቶ በደረቅ ጫማ ይመለሳል። ኮት የለበሰ ውሻ አየን። ሰይድ ውሻውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

ባለቤቴ የሠራችውን ሳንቡሳ እዚያው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ በላን። ተስፋዬ እጁን እየጠረገ ይህ ሥጋ ለጴንጤ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀ።

"አራተኛውን ከጨረስክ በኋላ ነው የምትጠይቀው?" አለው ሰይድ።

"አምስተኛውን በእምነት ልብላው ብዬ ነው" አለ ተስፋዬ።

ከዚያ በዘጠና ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ ነዳን፤ ትንሽ ከተማ አልፈን ወደ ጫካው ታጠፍን። ብዙም ሳንሄድ አስፋልቱ አለቀ፣ የስልካችንም ኔትወርክ ጠፋ። ሐናን ካርታውን ቀድማ ዳውንሎድ አድርጋው ስለነበር አልጠፋንም። መኪናውን ካቆምን በኋላ አንድ ሰዓት በእግር ሄድን። መንገዱ ለእግረኛ ሰፊ ነው፣ ድሮ ጋሪ ይሄድበት የነበረ ይመስላል። ሰይድ መሀል መሀሉን ብቻ ይረግጣል። ተስፋዬ አንዴ ሽንቱን ሊሸና ወደ ዛፎቹ ሲገባ ሰይድ ቆሞ እስኪመለስ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም። ቅጠል ለብሶ የዛገ የብረት ቧንቧ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የተጣመመ ሐዲድ አየን። ሰይድ ጫካ ውስጥ ብረት ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። የተጣለ ማሽን ይሆናል አልኩት። ይህ አገር ዕቃ መጣል ይወዳል።

ሁለተኛው ፏፏቴ ትንሽ ነው። ሐናን ቀድማን ስለነበር ስንደርስ ከመንገዱ ወጥታ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወርዳለች፤ ሽበት የመሰለ እርጥብ ቅጠል በሸፈነው ድንጋይ ላይ ቆማ ውሃውን ፎቶ ታነሳለች። መንገዱ ዳር በቀይ የተጻፈ ታፔላ ተተክሏል። ተስፋዬ ያለ መነጽሩ ስለማይታየው፣ "ጋሽ ከማል፣ ምን ይላል? ያንብቡልን" አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ የመኪና ረዳት ሆኜ ወደ ሰሜን ዕቃ ስንጭን በየመንገዱ ያሉ ታፔላዎችን እያስተያየሁ ነው የተማርኩት። ከላይ በእኛ ፊደል የተጻፈውን አነባለሁ፣ ከታች ያለው ያው ቃል በእንግሊዝኛ መሆኑን እገምታለሁ። በዚያ መንገድ ላይ በብዛት የነበረው ቀይ ታፔላ ነው። ከላይ "አደጋ! ፈንጂ" ይላል፣ ከታች "ዴንጀር! ማይንስ" ይላል። በሕይወቴ አንብቤ የተረዳኋቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት እነዚህ ናቸው።

ከፏፏቴው በላይ ያለው ታፔላ፣ "ዴንጀር። አባንደንድ ማይንስ" ይላል። ሳላስብ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩላቸው።

"አደጋ። ተትተው የቀሩ ፈንጂዎች አሉ።"

ሰይድ ወደ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ወታደር ነበር። ሥራው ፈንጂ ማንሳት እንደነበር አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ወዳጅነታችን አንድ ቀን አውርቶልኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ከአፉ የወጣውን ድምፅም ሰምቼው አላውቅም።

"ሐናን! ባለሽበት ቁሚ። እግርሽን እንዳታነሺ።"

ልጄ እኔ ስናገራት ሦስት ጊዜ ታስደግመኛለች። ለእሱ ወዲያውኑ ቆመች። እኔንና ተስፋዬን አንድ እርምጃ እንዳትንቀሳቀሱ አለን። ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። ጎንበስ ብሎ በእርጥቡ መሬት ላይ የልጄን ዱካ ፈለገና በዚያ በለስላሳ የቆዳ ጫማው የመጀመሪያውን ዱካ ረገጠ። ከዚያ ሁለተኛውን። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። በየእርምጃው መካከል ቆሞ መሬቱን ያያል። ተስፋዬ ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ።

እኔ የማደርገው ስላልነበረኝ ታፔላውን እንደገና አነበብኩ። ከትልቁ ጽሑፍ ሥር በትናንሽ ፊደል ሌላ መስመር አለ። የተከፈቱ ጉድጓዶች፣ የሚናድ መሬት፣ መርዛም አየር ይላል። ፈንጂ አየር የለውም። ያን ጊዜ ቧንቧውና ሐዲዱ ትዝ አሉኝ፤ ይህ አገር ማዕድን የሚቆፈርበትንም ጉድጓድ ማይን እንደሚለው ገባኝ። ታፔላው የሚለው የተተወ የማዕድን ጉድጓድ አለ ነው። ሰይድ አሥረኛው እርምጃ ላይ ነበር።

አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልተናገርኩም።

ኬንት ያለ የእኛ ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት ወደ እኔ ይዞ ይመጣል። የኢንሹራንስ፣ የፍርድ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። ሰይድ ሐኪም ቤት የሚጽፍለትን ወረቀት ሁሉ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ተሳስቼ አንብቤያለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ብጮህ ሰይድ ደንግጦ ይወድቃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት ለማለት ይቻላል። ይህን ምክንያት ግን ያገኘሁት ዝም ካልኩ በኋላ ነው።

ሰይድ ሐናን ዘንድ ደረሰ። አንድ ነገር ተባባሉ፤ በውሃው ድምፅ ምክንያት አልሰማንም። ከዚያ እሱ ፊት ፊት፣ እሷ በዱካው እየረገጠች ተመለሱ። መንገዱ ጋ ሊደርሱ ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው የቆዳ ጫማው አንሸራተተውና በግራ እጁ ላይ ወደቀ። ወድቆም፣ "በላዬ እንዳታልፊ፤ ቆይ" አላት። ራሱ ተነስቶ አወጣት። ሐናን እኔን አየችኝ፣ ታፔላውን አየችው።

መኪናው ጋ ስንደርስ የሰይድ እጅ አብጦ ነበር። አጠገባችን ውሻ የያዙ ሽማግሌ ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትዮዋ ሳንጠይቃት ከመኪናዋ ማሰሪያ ጨርቅ አወጣች፣ ሰይድን በራሷ ተጣጣፊ ወንበር ላይ አስቀምጣ እጁን አሰረችለት፣ ከያዘችው ትኩስ ሾርባም ሰጠችው። ሥጋ ይኑረው አይኑረው ጠየቃት፤ የምስር ነው አለችው፤ ጠጣው። በእኛ አገርም ሰው ይህን ያደርጋል፤ ግን መጀመሪያ ከየት እንደመጣህና የማን ልጅ እንደሆንክ ይጠይቅሃል። እነዚህ ስማችንን እንኳ አልጠየቁም። የትኛው እንደሚሻል እርግጠኛ አይደለሁም።

ተስፋዬ በእንግሊዝኛው ሰይድ ልጅቷን ከማይን መሀል እንዴት እንዳወጣት ለባልየው አስረዳ። ሰውየው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ እነዚያ ማይኖች ቀልድ አይደሉም፣ ደግ ሥራ ሠርቷል አለ። ተስፋዬ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሰሙ ጋሽ ከማል?" አለኝ። ሰማሁ አልኩት።

በመመለሻችን ሰይድ ተናገረ። ሐናን በአማርኛ ጠየቀችው፤ ምን ይዛችሁ ነው የምትፈልጉት፣ ስታገኙት እንዴት ታውቃላችሁ አለችው። ቀጭን ብረት እንዴት በሰያፍ መሬት ውስጥ እንደሚገባ፣ እጅ ሲነካው ድንጋይና ብረት እንዴት እንደሚለዩ፣ አብሮት የነበረው ልጅ የትኛውን እርምጃ እንደተሳሳተ ነገራት። እስከ ኬንት አላቆመም። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ይልቅ በዚያ አንድ ሰዓት ብዙ አወራ። ተስፋዬ ከኋላ ሆኖ ነገ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ እንደሚመሰክር፣ እግዚአብሔር ከፈንጂ መሀል እንዴት እንዳወጣን እንደሚናገር ነገረን። ቤተሰብ በሚዝናናበት ጫካ ፈንጂ ትተው ለሄዱት ሰዎችም የአቤቱታ ደብዳቤ እንድጽፍ ጠየቀኝ፤ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ የለምና። እናያለን አልኩት።

ቤት ስንገባ ሐናንን ታፔላውን አንብባው እንደነበር ጠየቅኋት። አዎ አለች። ለሰይድ እውነቱን ልነግረው ነው አልኳት። ያን ጊዜ በአማርኛ መለሰችልኝ።

"ተወው ባባ። ለአንክል ሰይድ ምንም አትንገረው።"

ይህችን ልጅ ያሳደግኋት ውሸት በምንም ምክንያት አይፈቀድም እያልኩ ነው። አሁን የምትለኝ ሰይድ ባወጣት ደስ ብሎታል፣ ደስታውን አትቀማው ነው ብዬ ተረዳሁት። ልክ ሳትሆን አትቀርም ብዬም አሰብኩ። ችግሩ ዝምታው ለሰይድ ይጠቅማል፣ ለእኔ ግን የበለጠ ይጠቅመኛል። ደግ ሥራና የራሴ ጥቅም አንድ ላይ ሲመጡ ራሴን አላምነውም። ዝም ካልኩ ደግሞ ተስፋዬ ነገ በብዙ ሕዝብ ፊት የእኔን ስህተት የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ይናገራል።

እሁድ

የተስፋዬ ጸሎት የሚጀመረው በዚህ አገር አቆጣጠር ጠዋት አሥር ሰዓት ላይ ነው። በስምንት ተኩል ሰይድ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ለሥራ ወጥታለች፤ በቀኝ እጁ ብቻ ሻይ አፈላልኝ። ልርዳህ ብለው እንቢ አለ። ስንቀመጥ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ቃሉ ፈንጂ ማለት እንዳልሆነ፣ የማዕድን ጉድጓድ ማለት እንደሆነ፣ እኔ ተሳስቼ እንዳነበብኩ ነገርኩት።

"ልጅህ ነግራኛለች" አለኝ።

"መቼ?"

"እዚያው። ስደርስ በጆሮዬ፣ 'አንክል፣ የድሮ የመዳብ ጉድጓድ ነው እንጂ ፈንጂ አይደለም' አለችኝ። አመንኳት። እግሬ ግን አላመነም። ቢሆንም በዱካዬ ነይ አልኳት።"

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅሁት።

"ተስፋዬ ቆሞ ነበር። አባትሽን ሰው ፊት እንዳታሳፍሪው አልኳት። እሺ አለችኝ።"

ሐናን ማታ ተወው ያለችኝ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ አስባ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያ ላይ ብቆም ነገሩ በደህና ያልቅ ነበር። ግን የሚከብደው ገና አልተነገረም። አንተ ዳገቱ ላይ እያለህ እንደተሳሳትኩ አውቄያለሁ አልኩት።

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ።

"ይህን አላወቅሁም" አለ። "ስንተኛው እርምጃ ላይ ነበርኩ?"

"አሥረኛው ላይ።"

"እየሄድኩ ነው ወይስ እየተመለስኩ?"

"እየሄድክ።"

የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

"ሃያ እርምጃ ይቀረኝ ነበር ማለት ነው" አለ።

አዎ አልኩት። እሱም ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ትንሽ ቆይቶ ሰዓቱን አየና፣ "ተስፋዬ ቆሞ ከመናገሩ በፊት አንተው ደውለህ ንገረው። ሁሉንም" አለኝ።

እሱ እያየኝ ደወልኩ። ተስፋዬ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መኪናውን ፓርክ እያደረገ ነበር። ታፔላው ምን እንደሚል ነገርኩት። መሳቅ ጀመረ። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ቀጥዬ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ነገርኩት። እዚያ ላይ መሳቁን አቆመ።

"ኦኬ" አለ። "እና አሁን ምን ብዬ ልመስክር?"

"ሰይድ ሲሄድ አይተኸዋል" አልኩት። "ፈንጂ አለ ብሎ አምኖ ነው የሄደው። ያንን ተናገር፤ ውሸት የለበትም።"

"እርስዎ ያነበቡትንስ? ዝም ያሉትንስ?"

ሰይድን አየሁት። ሻዩን አንስቶ ይጠጣ ነበር።

"እሱንም ተናገር" አልኩት።

ስምዎን ልጥራ ወይስ አንድ ወዳጄ ልበል ብሎ ጠየቀኝ። ጥራው አልኩት።